የማርሚታ ክርክር፤ ጩኸትን ጕልበት ለሚሉ ወገኖች የተሰጠ መልስ

ከገንዳ ውኃ እስከ መተማ ዮሐንስ፣ ከሽንፋ እስከ ቋራ ገለጉ ድረስ፣ ሞተር ብስክሌት በሚጠገንበት ጥላ ሥር ሁሉ እንደ ቀኖና የጸና አንድ አስተያየት አለ፤ ይኸውም ማርሚታ የሞተርን ትንፋሽ የሚያፍን ትርፍ ብረት ስለ ሆነ፣ ሆዱን የከፈተለት፣ ጅራቱን የቈረጠለት፣ ወይም በአንዱ ፈንታ ሁለት አፍ ያበጀለት ሰው ለሞተሩ ነፃነት ሰጠው የሚል ነው። ይህን የሚያምኑት ሥራ ፈቶች ብቻ ቢሆኑ ኖሮ ነገሩ መልስ ባላሻው ነበር፤ ነገር ግን ከሚያምኑት መካከል በጨለማ እንኳ ካርቡራተር ፈትተው የሚገጥሙ፣ እጃቸው የተባረከ ባለሙያዎች ስለሚገኙ፣ ስሕተቱም በነሱ ስም ተከብሮ ስለሚኖር፣ ከሥሩ ጀምሮ መመርመር ይገባዋል። የዚህ ጽሑፍ ክርክር በአጭሩ ይህ ነው፤ በባለ ሁለት ምት ሞተር ላይ ማርሚታ የሞተሩ ብልት እንጂ የጭስ መውጫ ብቻ አይደለም፤ ኃይሉንም የሚወስነው ልኩ ነው፤ የአፉ ስፋትና የቧንቧው ቍጥር ከልኩ በኋላ የሚመጡ ነገሮች ናቸው። ስለዚህ ልኩን ያፈረሰ ሰው ሞተሩን አካለ ጐደሎ አደረገው።

ክርክሩ በከንቱ የተነሣ አይደለም። በሌላው አገር ባለ ሁለት ምት ሞተር ከመንገድ ላይ እየጠፋ ቢሄድም፣ በቈላው ግን ገና የዕለት እንጀራ ነው። የግብርናና የጤና ሠራተኞች በኢትዮጵያ ገጠር ለብዙ ዓመታት የነዷቸው ያማሃ ኤጂ 100 እና ዲቲ 125፣ ሰማያዊ ጭስ እያስከተሉ የሚሄዱት አሮጌዎቹ ባለ ሁለት ምት ባጃጆች፣ በሰሊጥና በጥጥ ማሳ ላይ በጀርባ ታዝለው ጸረ ተባይ የሚረጩት ሞተሮች፣ እንጨት የሚቈርጡትም የሞተር መጋዞች የዚህ ወገን ናቸው። እንደ ባለ አራት ምት ሞተር ያለ ቫልቭ የላቸውም፤ ዘንጋቸው በዞረ ቍጥር አንድ ጊዜ ይቃጠላሉ፤ ለክብደታቸው ጕልበታቸው ብዙ ነው፤ ከዛፍ ሥር በጥቂት መፍቻ ይፈታሉ። በክረምት ዋልካው ጭቃ እንደ ሙጫ ጎማ በሚይዝበት፣ በመጋቢትና በሚያዝያ ደግሞ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት አገር እንዲህ ያለ ሞተር ተወዳጅ መሆኑ አያስገርምም። የሚያሳዝነው፣ ይህንኑ ሞተር የሚወዱት ሰዎች ዋናውን የጥበብ ክፍሉን በብረት መጋዝ መቍረጣቸው ነው።

የነገሩ ምሥጢር ከሞተሩ ጠባይ ይጀምራል። ባለ አራት ምት ሞተር የጭሱን በር በየጊዜው የሚከፍትና የሚዘጋ ቫልቭ አለው፤ በባለ ሁለት ምቱ ላይ ግን በሩ በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ የተቀደደ መስኮት ስለ ሆነ፣ ወደ ታች ሲወርድ የሚከፍተው፣ ወደ ላይ ሲወጣም የሚዘጋው ራሱ ፒስተኑ ነው። የጭሱ መስኮት ተከፍቶ ሳለ አዲሱ የቤንዚንና የአየር ድብልቅ በሌሎቹ መስኮቶች ይገባልና፣ ያረጀው ሲወጣ አዲሱም ተከትሎት ሊወጣ ይችላል። ከዚህም ሌላ፣ ፒስተኑ ሲመለስ አስቀድሞ የሚዘጋው የአዲሱን መግቢያ ነው፤ የጭሱ መውጫ ከዚያ በኋላም ለቅጽበት ክፍት ሆኖ ይቈያል፤ በዚያችም ቅጽበት በሲሊንደሩ የተጠራቀመው ቤንዚን ሳይቃጠል ሊባክን ይችላል። ይህን የተራቈተ በር በጊዜው የሚዘጋ ብረት በሞተሩ ውስጥ አይገኝም፤ የሚዘጋው ከማርሚታው ተመልሶ የሚመጣ የግፊት ሞገድ ነው።

በትክክል የተሠራ የባለ ሁለት ምት ማርሚታ ከሲሊንደሩ በጠባብ አንገት ይጀምርና ቀስ በቀስ እየሰፋ ይሄዳል፤ ሆዱ ከሞላ በኋላ ተመልሶ ይጠብባል፤ በመጨረሻም በቀጭን ጅራት ያበቃል። ይህ ቅርጽ ለውበት የተሰጠ አይደለም። የጭሱ መስኮት እንደ ተከፈተ የሚፈነዳው ግፊት በአንገቱ ውስጥ ሲገሠግሥ፣ ወደሚሰፋው ክፍል በደረሰ ጊዜ የሚስብ ሞገድ ወደ ኋላ ይልካል፤ ይህም ሞገድ የተቃጠለውን ጢስ ጠርጎ ያወጣል፣ አዲሱንም ድብልቅ ከታች ስቦ ያስገባል፤ ከአዲሱም ጥቂቱን ወደ አንገቱ እስኪያፈስሰው ድረስ ይስበዋል። ያው ግፊት ጕዞውን ቀጥሎ ከሚጠበው ክፍል ጋር ሲጋጭ ደግሞ የሚገፋ ሞገድ ሆኖ ይመለሳል፤ በአንገቱ የፈሰሰውንም ድብልቅ መስኮቱ ሳይዘጋ ወደ ሲሊንደሩ መልሶ ያጭቀዋል። ስለዚህ አንድ ማርሚታ በእያንዳንዱ ዙር ሁለት ሥራ ይሠራል፤ መጀመሪያ ይስባል፣ ቀጥሎም ይመልሳል። የማርሚታውን ጅራትና ሆድ የቈረጠ ሰው የሚመልሰውን ክፍል አጠፋው፤ የተረፈው ሞተር አዲሱን ቤንዚን ሳያቃጥል ለመንገድ አቧራ የሚመጸውት ሆነ።

ይህ ሥራ በጊዜ የተመጠነ መሆኑን ለመረዳት ጥቂት ስሌት ይበቃል። አንድ ሞተር በደቂቃ 6000 ጊዜ ሲዞር አንዱ ዙር የሚፈጀው ከሴኮንድ አንድ መቶኛውን ነው፤ የጭሱ መስኮት የዙሩን እኩሌታ ያህል ክፍት ይሆናል ቢባል፣ ሞገዱ ሄዶ እንዲመለስ የተሰጠው ጊዜ ከሴኮንድ አንድ ሁለት መቶኛ ብቻ ነው። በጋለ ጢስ ውስጥ ሞገድ በሴኮንድ 500 ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ፣ በዚህች ጊዜ ሄዶ የሚመለሰው 2.5 ሜትር ነው፤ ስለዚህም ከመስኮቱ እስከ መመለሻው ያለው ርዝመት ወደ 1.25 ሜትር መጠጋት አለበት። ሞተሩ በደቂቃ 9000 ጊዜ እንዲዞር ከተፈለገ ርዝመቱ ወደ 83 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል። በአገራችን እምቢልታ የሚነፉ ሰዎች ይህን ሕግ በጆሯቸው ያውቁታል፤ እምቢልታ ጣት የሚያርፍበት ቀዳዳ ስለሌለው ድምፁን የሚወስንለት ርዝመቱ ነው፤ በአንድነት ከሚነፉት ሦስቱ የአንዱን ጫፍ የቈረጠ ሰው ከኅብረቱ ያስወጣዋል እንጂ ድምፁን አያጐላለትም። የማርሚታም ነገር እንዲሁ ነው። አንድ ጣት የሚያህል ርዝመት መቀነሱ ኃይሉ የሚመጣበትን ዙር ወደ ላይ ያሸሸዋል፤ ሙሉ በሙሉ መቍረጡ ደግሞ ኅብረቱን ያጠፋዋል።

ይህ ዕውቀት ከሰማይ የወረደ ሳይሆን በብዙ ድካም የተገኘ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በምሥራቅ ጀርመን በጾፓው ከተማ በነበረው የኤምዜድ ፋብሪካ ውስጥ ዋልተር ካደን የሚባል መሐንዲስ የባለ ሁለት ምትን ማርሚታ ቅርጽና ርዝመት ለዓመታት ሲመረምር ኖረ፤ በ1961 በአውሮፓ አቈጣጠርም 125 ሲሲ ብቻ ከሆነ ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተር 25 የፈረስ ጕልበት አወጣ፤ ይህም በአንድ ሊትር ሲታሰብ 200 የፈረስ ጕልበት ማለት ነው። በዚያው ዓመት የፋብሪካው ተወዳዳሪ ኤርንስት ዴግነር በስዊድን ከተደረገው ውድድር ላይ ኮብልሎ ወደ ምዕራብ ተሻገረ፤ የካደንንም ጥበብ ይዞ ወደ ጃፓኑ ሱዙኪ ገባ፤ በሚቀጥለውም ዓመት ሱዙኪ በእርሱ ነጂነት የ50 ሲሲ የዓለም ሻምፒዮናን አሸነፈ። ማርሚታ ትርፍ ብረት ቢሆን ኖሮ አንድ መንግሥት ምሥጢሩን ባልጠበቀለት፣ አንድ ኩባንያም ያን ያህል ባልተመኘው ነበር። በአንድ ሲሊንደር ይህን ያህል ጕልበት የተገኘውም በልክ ነው።

አሁን ወደ ተቃዋሚዎቻችን ዋና ማስረጃ እንምጣ። በውኃ ላይ ቆመው የሚነዱትን ባለ ሁለት ምት ጄት ስኪዎች በተንቀሳቃሽ ምስል ያዩ ወጣቶች፣ የውድድር ሰዎች ለሞተሩ ሁለት ማርሚታ ሲገጥሙለት ይመለከቱና፣ ሁለት ከአንድ ይበልጣል፣ በሁለት አፍ የተነፈሰ ሞተርም በአንድ ከተነፈሰው ይበረታል ብለው ይደመድማሉ። ማስረጃው እውነተኛ ነው፤ ድምዳሜው ግን ሐሰት ነው። ካዋሳኪ በ1973 በአውሮፓ አቈጣጠር ባቀረበው ጄት ስኪም ሆነ፣ ያማሃ ከ1990 ጀምሮ በሸጠው ሱፐር ጄት ላይ ያለው ሞተር ሁለት ሲሊንደሮች ነበሩት፤ ፋብሪካዎቹም ለሁለቱ ሲሊንደሮች የሰጧቸው አንድ የጋራ ማርሚታ ነበር። ሁለቱ ሲሊንደሮች በእኩሌታ ዙር እየተፈራረቁ ስለሚተነፍሱ፣ የአንዱ መስኮት ሊዘጋ ሲቃረብ የሌላው ይከፈታል፤ የአንዱም ግፊት በጋራው አንገት በኩል በሌላው በር ላይ ይደርሳል። ይህ መደራረስ አንዳንድ ጊዜ ይረዳል፣ አንዳንድ ጊዜም ያውካል፤ ፋብሪካውም ለቀፎው ጠባብነት፣ ለክብደቱና ለዋጋው ሲል የመካከለኛውን መንገድ መርጧል። የውድድር ሰዎች ሁለት ማርሚታ ሲገጥሙ የሚፈልጉት፣ እያንዳንዱ ሲሊንደር በሌላው ሳይታወክ የገዛ ሞገዱን በገዛ ጊዜው እንዲቀበል ነው። እያንዳንዱም ማርሚታ ለብቻው ሙሉ ርዝመትና ሙሉ ሆድ ሊኖረው ይገባል፤ ለዚህም ነው ሁለቱን በዚያ ጠባብ ቀፎ ውስጥ ጠቅልሎ ማስገባት ብርቱ ሥራ የሆነው።

ከዚህም በላይ የጄት ስኪ ማርሚታ ዝምድናው ከልክ ጋር መሆኑን የሚመሰክር ሌላ ነገር አለ። ጢሱ በውኃ ይቀዘቅዛል፤ በማርሚታው ውስጥ የሚረጨውን ውኃ መጠን በብሎን የሚያስተካክሉ ባለሙያዎችም አሉ፤ ምክንያቱም የቀዘቀዘ ጢስ ሞገዱን ስለሚያዘገየው፣ ያው ብረት የረዘመ ያህል ይሠራል፣ ኃይሉም ወደ ዝቅተኛው ዙር ይወርዳል። እንግዲህ በጄት ስኪ ላይ ጥቂት ውኃ መጨመርና መቀነስ የኃይልን ሥፍራ የሚለውጥ ከሆነ፣ ልክ ሳይይዙ በመጋዝ የሚቈርጡ ሰዎች በምን መሥፈርት እንደሚተማመኑ ይንገሩን። አንድ ሲሊንደር ባለው ኤጂ 100 ላይ ቧንቧውን ከኋላ በብየዳ ለሁለት ከፍሎ ሁለት አፍ ማበጀትም ከዚህ ጋር ምንም ዝምድና የለውም፤ ሁለቱ አፎች የሚነፉት የአንዱን ሲሊንደር ትንፋሽ ስለ ሆነ፣ የጄት ስኪው ባለሙያ የሸሸው የሲሊንደሮች መደራረስ በዚያ አልነበረም። በሽታው የሌለበት ሰው የሌላውን ሰው መድኃኒት እንደማይወስድ ይህም እንዲሁ መተው ይገባዋል።

ሁለተኛው ማስረጃቸው ከዚህ ይልቅ የሚከብድ ነው፤ «በዐይናችን አይተናል፤ ማርሚታው ከተቈረጠ በኋላ ሞተሩ ዳገት ወጥቷል» ይላሉ። ይህን ቃል ማስተባበል አይገባም፤ ብዙ ጊዜ እውነት ነውና። እኔም በገንዳ ውኃ ከአንድ ጥላ ሥር ለሁለት የተሰነጠቀ ማርሚታ መሬት ላይ ተጥሎ አይቻለሁ። ከሆዱ ውስጥ የሚወጣው ሽታ የተቃጠለ ዘይት ሽታ ነበር፤ ግድግዳው እንደ ሬንጅ በጠቈረ ካርቦን ተለብዷል፤ የጅራቱ ውስጠኛ ቧንቧ፣ ጢሱን አሳልፈው ድምፁን እንዲያደክሙ የተበሱት ቀዳዳዎቹ ሁሉ ተደፍነው፣ የቀረችው መንገድ የትንሽ ጣት ጫፍ የምታስገባ ብቻ ነበረች። እንዲህ ያለ ማርሚታ ሲቈረጥ ሞተሩ እፎይ ማለቱ አይቀርም፤ ነገር ግን የታፈነው በካርቦኑ ነው፤ ብረቱ ምንም አላጠፋም። በብዙዎቹ ባለ ሁለት ምት ሞተር ብስክሌቶች ላይ ያ የጅራት ቧንቧ በብሎን የተያዘ ስለ ሆነ፣ ፈትቶ ማውጣት፣ በላምባ መዘፍዘፍ፣ በሽቦ ብሩሽ መፈግፈግና መልሶ መግጠም ከመቍረጥ የሚያንስ ድካም ነው። ካርቦኑ የበዛውም ከቤንዚኑ ጋር የሚገባው ዘይት ከልክ በላይ በመሆኑ ወይም የማይገባ ዘይት በመጠቀም ስለ ሆነ፣ እውነተኛው መድኃኒት የዘይቱን ልክ ማረም ነው። የተቈረጠውን ሞተር ከታፈነው ጋር ብቻ ያነጻጸረ ሰው ፍርዱ ግማሽ ነው፤ ከጸዳው ጋር ያነጻጽረው፤ ያን ጊዜ የጸዳው በዝቅተኛ ዙር እየጐተተ ሲወጣ፣ የተቈረጠው ማርሽ እየቀነሰ ሲጮኽ ያያል።

ሦስተኛው ማስረጃ ጆሮ ነው። ሞተሩ ሲያገሣ በረታ ይመስላል፤ ነጂውም በእግሮቹ መካከል ያለውን ነጐድጓድ እየሰማ ፍጥነቱ የጨመረ ይመስለዋል። ነገር ግን ከማርሚታው በድምፅ መልክ የሚወጣው ኃይል ጎማውን ያላዞረ ኃይል ነው፤ ጩኸት የብክነት ምስክር እንጂ የጕልበት ምስክር አይሆንም። ዐዋቂ ነጂ ሞተሩን የሚፈትነው በሸክም ነው፤ በሁለተኛ ማርሽ፣ አንድ ሰውና አንድ ጆንያ ሰሊጥ ይዞ፣ ከወንዝ ወጥቶ አሸዋውን ያለ ፍሪሲዮን ማንሸራተት ካለፈ፣ ያ ሞተር ብርቱ ነው። የቈላው ሥራ የሚጠይቀው ይህን ዝቅተኛና የማያቋርጥ ጕልበት ነው። በውኃ ላይ ያለ ጄት ስኪ ውኃው የሚሰጠው ተቃውሞ በደንብ የታወቀ ስለ ሆነ ሞተሩን በአንድ ከፍተኛ ዙር አካባቢ አቆይቶ መንዳት ይቻላል፤ ከኮኪት ወደ እርሻ የሚገባ ሞተር ግን አሁን ጭቃ፣ ቀጥሎ ድንጋይ፣ ከዚያም አሸዋ ይገጥመዋል። ለአንዱ በጠባብ ዙር ላይ የታጨቀ ኃይል ይጠቅማል፤ ለሌላው የሚጠቅመው በሰፊ ዙር ላይ የተዘረጋ ኃይል ነው፤ ፋብሪካው ለኤጂ 100 ያበጀለት ማርሚታም የተመጠነው ለዚህ ለሁለተኛው ነው።

የስሕተቱ ዋጋ በነጂው ብቻ ላይ ቢወድቅ ኖሮ ምርጫው የራሱ ነው ባልን ነበር። ነገር ግን ማርሚታው ሲለወጥ የአየሩ አሳሳብ አብሮ ስለሚለወጥ፣ ካርቡራተሩ ለቀድሞው ማርሚታ የመጠነው ድብልቅ ይፋለሳል፤ ብዙ ጊዜም ቤንዚኑ ከአየሩ ያንሳል። ቤንዚን ያነሰው ሞተር ይግላል፤ ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ በሚገባባቸው ሞተሮች ላይ ደግሞ ቤንዚን ሲያንስ ዘይትም ያንሳል፤ ከ40 ዲግሪ በላይ በሆነ አየር ላይ ይህ ሲደረብ ፒስተኑ ከሲሊንደሩ ጋር ይነክሳል። ከጎንደር ወደ 200 ኪሎ ሜትር በሚጠጋ ርቀት ላይ፣ ለሰሊጥ አጨዳ በሚጣደፉበት በጥቅምትና በኅዳር፣ አንድ ፒስተን ነከሰ ማለት አንድ ቤተ ሰብ የወቅቱን ገቢ አጣ ማለት ነው። የሚባክነውም ቤንዚን ቀላል አይደለም፤ በካርቡራተር የሚሠራ ባለ ሁለት ምት ሞተር፣ ማርሚታው ደኅና ሆኖም እንኳ፣ ከሚጠጣው ሩብ ያህሉን ሳያቃጥል ሊያስወጣ እንደሚችል የታወቀ ነው። በዚሁ ምክንያት በአሜሪካ በታሆ ሐይቅ ላይ እንዲህ ያሉ ጄት ስኪዎች ከሰኔ 1999 በአውሮፓ አቈጣጠር ጀምሮ ተከልክለዋል፤ ያማሃም ሱፐር ጄትን በ2021 ወደ ባለ አራት ምት ለውጦታል። በፋብሪካ ልክ ያለው ሞተር ይህን ያህል ከተወቀሰ፣ ማርሚታው የተቈረጠው ምን ሊባል ነው?

ጎረቤትም አለ። ሰው በቀን ለ8 ሰዓት ያለ ጕዳት ሊሰማው የሚችለው ድምፅ 85 ዴሲቤል ገደማ መሆኑ ተወስኗል፤ ከዚያ 3 ዴሲቤል በጨመረ ቍጥር የሚፈቀደው ጊዜ በእኩሌታ ይቀንሳል። በጤና ጣቢያ የተኛ የወባ በሽተኛ፣ በሙቀቱ ምክንያት መስኮቱን ከፍቶ የሚማር ተማሪ፣ በኬላ ላይ የሚነገረውን ለመስማት የሚታገል ነጋዴ ይህን ጩኸት አልመረጡም። የአካባቢ ብክለት ቍጥጥር አዋጅ ቍጥር 300/1995 ድምፅንም ከብክለት ቈጥሮ መሥፈርት እንዲወጣለት አዟል። እኔ ግን ተስፋዬን በቅጣት ላይ አልጥልም፤ የገዛ ጥቅሙን ያልተረዳ ሰው ፖሊስ ፊቱን ሲያዞር ማርሚታውን መልሶ ይቈርጣልና።

የስሕተቱ ሥር ያለው ሌላ ስፍራ ነው። የሚታየው ነገር፣ ማለትም ካንዴላው፣ ካርቡራተሩ፣ ፒስተኑ፣ እየተነካ ይማሩታል፤ ሞገድ ግን አይታይም፣ አይጨበጥም፤ ስለዚህ የእጅ ሥራን ከአባቱ ወይም ከጌታው በማየት የወረሰ መካኒክ፣ ምንም ያህል ብልኅ ቢሆን፣ ባዶ የመሰለው የማርሚታ ሆድ ሥራ እንዳለው የሚያስረዳው አላገኘም። ይህን የማስተማር ዕዳ ያለባቸው የቴክኒክና ሙያ ትምህርት ቤቶች ናቸው፤ አንድ አሮጌ ማርሚታ በቁመቱ ሰንጥቆ ክፍሎቹን ማሳየት፣ ከላይ የተጻፈውን ስሌትም በጥቁር ሰሌዳ ላይ መሥራት የአንድ ከሰዓት በኋላ ትምህርት ነው። ብዙ ሞተር ያላቸው መሥሪያ ቤቶችም በየወቅቱ ማርሚታ የማጽዳትን ሥራ ከዘይት ቅየራ ጋር አብረው ቢያዙ፣ ለብየዳ የሚወጣው ገንዘብ ለመለዋወጫ ይተርፋል። ባለሙያዎቹም፣ ማርሚታ ለመለወጥ ግድ ቢሆንባቸው እንኳ፣ ለዚያ ሞተር የተመጠነውን ይምረጡ፤ ካርቡራተሩንም እንደገና ሳያስተካክሉ አያስነሡት፤ ከጥቂት ጕዞ በኋላ ካንዴላውን አውጥተው ቀለሙን ይመርምሩ፤ ነጭ ከሆነ ሞተሩ እየተቃጠለ ነው፣ ቡናማ ከሆነ ደኅና ነው።

እንግዲህ ክርክሩ በቃል ብቻ እንዳይቀር ለፈተና አቀርበዋለሁ። ማርሚታ በመቍረጥ ጕልበት ጨመርኩ የሚል ሰው፣ አንድ ዓይነት የሆኑ ሁለት ሞተሮች ያቅርብ፤ አንዱ የተቈረጠ፣ ሌላው በፋብሪካው ማርሚታ ላይ ያለና ከካርቦን የጸዳ ይሁን፤ ለሁለቱም አንድ አንድ ሊትር ቤንዚን ተሰፍሮ፣ እኩል ሸክም ተጭኖ፣ ከገንዳ ውኃ በኮኪት በኩል ወደ መተማ ዮሐንስ ይነዱ። የተቈረጠው ርቆ ከሄደ፣ አሸዋውንም ቀድሞ ከወጣ፣ እኔ ይህን ጽሑፍ በአደባባይ እሽራለሁ። ያን እስኪያሳይ ድረስ ግን የማስረዳት ሸክም በእርሱ ላይ ነው፤ ማርሚታውንም እንደ ነበረ መተው ግዴታው ነው።